በሩዝ ማሳ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ነፍሳትና የብስባሽ ታሪክ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ፍራንክሊን ኪንግ የተባሉ አሜሪካዊ የአፈር ሊቅ ወደ ቻይና፣ ወደ ኮሪያና ወደ ጃፓን ተጓዙ። ሊያውቁ የፈለጉትም የእነዚያ አገሮች ገበሬዎች አንዱን መሬት ከአባት ወደ ልጅ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያርሱ አፈሩ ሳይደክም የቀረው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ነው።

በቻይና ያዩት ሥራ እጅግ አድካሚ ነበር። ገበሬዎቹ ከቦይ ሥር ጭቃ እያወጡ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ማሳው ዳር ያመጣሉ። በእኛ አገር ማገጥ የምንለውን የሚመስል ለምለም ሣር አጭደው ከጭቃው ጋር እያነባበሩ ይከምሩታል። ክምሩ ከ20 እስከ 30 ቀን ከበሰበሰ በኋላ ሩዝ ሳይተከል በማሳው ላይ ይበተናል። ሰነፍ ሰው ቢያይ ግን፣ «ሣሩ እዚያው በማሳው ውስጥ መበስበሱ አይቀር፤ ይህ ሁሉ ሸክም ስለ ምን?» ማለቱ አይቀርም።

ምክንያቱ በውኃው ውስጥ ነው። ኦክሲጅን በውኃ ውስጥ የሚሰርገው በአየር ውስጥ ከሚሰርገው በ10,000 እጥፍ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ማሳው በውኃ ሲሸፈን በአፈሩ ያሉት ነፍሳት የቀረውን ኦክሲጅን ፈጥነው ይጨርሱታል። ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ሲተነፍስ፣ ከዚያ በታች ያለ ኦክሲጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይሠለጥናሉ። እነርሱም በተራ ናይትሬትን፣ ማንጋኒዝን፣ ብረትንና ሰልፌትን ይጠቀማሉ፤ በመጨረሻም ሜቴን የሚባለውን ጋዝ የሚያወጡት ይበረታሉ። በዚህ ጊዜ ትኩስ ገለባ ቢገባ ለእነርሱ ድግስ ነው። ሥርን የሚጎዳ አሲድ ይበዛል፤ ባክቴሪያዎቹም ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ስለሚወስዱት ቡቃያው ይገረጣል። በብስባሹ ግን ቶሎ የሚበላው ክፍል በክምሩ ሳለ ተበልቶ አልቋል። የቀረው ነፍሳቱን ለረጅም ጊዜ ይመግባል፤ ናይትሮጅኑንም ጥቂት በጥቂት ይለቃል፤ የሚወጣው ሜቴንም ከትኩሱ ገለባ ያነሰ ነው።

ኪንግ በ1911 ዓ.ም. ሞቱ፤ መጽሐፋቸውን ባለቤታቸው አሳተሙት። ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ በሕንድ አገር ሃሪሰንና አይየር የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ከሩዝ ማሳ የሚወጣውን ጋዝ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። በአፈሩ ገጽ ላይ ያሉት ነፍሳት ከታች የሚመጣውን ሜቴን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለውጡት፣ አረንጓዴዎቹ አልጌዎችም ይህንኑ እየተጠቀሙ ኦክሲጅን እንደሚያፈልቁ ገለጡ። አረፋ ከሚተፋ ጭቃ ይህን ማውጣታቸው እኔን ያስደንቀኛል።

በዚያው በ1913 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኦፓው ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ የሚሠራ ፋብሪካ ተከፈተ። አንድ ከረጢት ማዳበሪያ የብዙ ቀን ሸክም ስለሚተካ፣ የመረጠው ገበሬ አይፈረድበትም፤ ለነፍሳቱ የሚሆነውን ምግብ ግን አይተካም።

በእኛም አገር፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለው በፎገራ ሜዳ፣ ሩዝ ውኃ በተኛበት መሬት ይመረታል። እዚያ ገለባው የከብት መኖ ነው፤ በደጋው አገራችን እበቱም ብዙ ጊዜ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ስለዚህ የፎገራ ገበሬ ብስባሽ ልሥራ ቢል፣ አስቀድሞ የሚከምረውን ከከብቱና ከምድጃው ማስተረፍ አለበት።