ባለሞላ የብስክሌት ሹካ

ባለሞላ ሹካ የብስክሌትን የፊት ጎማ የሚይዝና ከመንገዱ የሚመጣውን ድንጋጤ በብረት ሞላ የሚያበርድ የሹካ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ በወፍራም ጎማ ብስክሌቶች ላይ የታወቀ ሲሆን፣ ዛሬም ለአሮጌ ብስክሌቶች መለዋወጫ ሆኖ ይመረታል። ሹካ በጉዞ ላይ ከተሰበረ ነጂው መሪውን መቆጣጠር ስለማይችል፣ እንደ አርባ ምንጭ ቁልቁለት ባላቸው ከተሞች የሹካ ቅያሬ ከመልክ ይልቅ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ታሪክ

ሽዊን የተባለው የብስክሌት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1895 በቺካጎ በኢግናዝ ሽዊንና በአዶልፍ አርኖልድ ተመሠረተ። ኩባንያው በ1933 ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ጎማ የተገጠመለት ብስክሌት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ባለሞላ ሹካ ለገበያ አቀረበ። ከ1949 ጀምሮ የተሸጠው ብላክ ፋንተም የተባለው ሞዴል በዚህ ሹካ ይታወቃል። በ1968 የወጡት ክሬት የተባሉ የልጆች ብስክሌቶች ደግሞ ትንሽ የፊት ጎማና ባለሞላ ሹካ ነበራቸው።

አሠራር

ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉ። በመጀመሪያው ዓይነት የሹካው እግሮች ከቴላዮው አንገት በታች በወፍራም ቡሎን ይታጠፋሉ፤ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ የእግሮቹ የላይኛው ክፍል ከአንገቱ ፊት ያለውን ሞላ ይጫናል። በሁለተኛው ዓይነት ሁለት ጥንድ እግሮች አሉ፤ የኋለኞቹ ከመሪው ቱቦ ጋር የተበየዱ ሲሆኑ፣ የፊተኞቹ በአጭር ማያያዣ ብረት አማካይነት ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሱ ሞላውን ይገፋሉ። በሁለቱም ዓይነቶች ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ሞላው ሳይሆን በመታጠፊያ ቡሎኖቹ ላይ ያለው ቀለበት ነው።

የልክ ምርጫ

አዲሱ ሹካ ከአሮጌው ጋር በሚከተሉት ልኮች መመሳሰል አለበት፦

• የመሪው ቱቦ ውፍረትና ጥርስ፦ በአሮጌ ብስክሌቶች የተለመደው ውፍረት 25.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ኢንች 24 ጥርስ አለው። አንዳንድ የራሌ ብስክሌቶች ግን 26 ጥርስ ስላላቸው ዳዶው በግድ ከታሰረ ጥርሱን ይበላዋል።
• የቱቦው ውስጣዊ ስፋት፦ አሮጌ የአሜሪካ ብስክሌቶች 21.15 ሚሊ ሜትር፣ ብዙዎቹ ሌሎች ደግሞ 22.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመሪ ዘንግ ይቀበላሉ።
• የታችኛው የኩሽኔታ ቀለበት መቀመጫ፦ 26.4 ወይም 27.0 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ በካሊፐር መለካት አለበት።
• የሹካው ቁመት፦ አዲሱ ሹካ በ20 ሚሊ ሜትር ከረዘመ የአንገቱ ማዕዘን በ1 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ይተኛል፤ የመሪው ጠባይም ይለወጣል።
• የጎማው መጠን፦ ባለ28 በ1½ ጎማ ከባለ26 በ2.125 ጎማ በራዲየስ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ለባለ26 የተሠራ ሹካ ባለ28 ጎማን ላያሳልፍ ይችላል።

አገጣጠም

ብስክሌቱ ተደግፎ የፊት ጎማው፣ ፓራፋንጎውና መሪው ይፈታሉ። ከዚያ የላይኛው ዳዶ ተፈትቶ አሮጌው ሹካ ወደ ታች ይወጣል። የኩሽኔታ ኳሶቹ እንዳይጠፉ ከሥር ጨርቅ ይነጠፋል። የታችኛው ቀለበት በአዲሱ ሹካ ላይ ዙሪያውን እኩል እየተመታ ይገባል፤ ኳሶቹ በግሪስ ተቀብተው በየቦታቸው ይቀመጣሉ።

የቱቦው ርዝመት የሚወሰነው የአንገቱ ቁመትና የኩሽኔታው ክፍሎች ተደምረው ነው። ቱቦው ከረዘመ በቀለበት ሊሞላ ወይም ሊቆረጥ ይችላል፤ ካጠረ ግን አይገጠምም። የመሪው ዘንግ እስከ ምልክቱ መግባት አለበት። ጥርስ የወጣበት የቱቦው ክፍል ስስ ስለሆነ የዘንጉ ማጥበቂያ ሽብልቅ እዚያ ላይ መዋል የለበትም።

በመጨረሻም የፊት ጎማው ከመሬት ከፍ ተደርጎ መሪው ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል። ከያዘ ጠብቋል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቀነቅ ካንኳኳ ላልቷል። የመታጠፊያ ቡሎኖቹ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ እንደገና ይፈተሻሉ።

በአርባ ምንጭና አካባቢው

የጋሞ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው አርባ ምንጭ በታችኛው ሲቀላና በላይኛው ሼቻ የተከፈለች ናት፤ ሁለቱን ሰፈሮች የሚያገናኘው መንገድ ዳገት ነው። ወደ ዶርዜና ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ተነሥቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ አብዛኛው ክብደት ወደ ፊት ጎማ ስለሚዞር፣ ሹካው ከሜዳ ይልቅ ብዙ ጭነት ይሸከማል።

በኢትዮጵያ የታወቁት የቻይናና የህንድ ባለ28 ብስክሌቶች ብዙውን ጊዜ በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን አላቸው። ይህ ፍሬን ከባለሞላ ሹካ ጋር አይስማማም፤ ጎማው በሞላው ላይ ሲንቀሳቀስ በፍሬኑ ጎማና በቸርኬው መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣልና። ሹካው የራሱ የፊት ፍሬን ማሰሪያ ከሌለው ብስክሌቱ በኋላ ፍሬን ብቻ ይቀራል፤ ይህም ለሼቻ ቁልቁለት አይበቃም።

የተሰነጠቀ የመሪ ቱቦን በብየዳ መጠገን አደገኛ ነው። ሙቀቱ በብየዳው ዙሪያ ያለውን ብረት ስለሚያዳክመው፣ ቱቦው አንገት ውስጥ ተደብቆ ያለ ምልክት ሊቆረጥ ይችላል። ተስማሚ ባለሞላ ሹካ ካልተገኘ፣ ልኩ የሚገጥም ሞላ የሌለው ሹካ ከተበየደው የተሻለ ምርጫ ነው።