ቤት ለአዲስ ገብ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤት ተከራይቶ መኖር ከቁም ነገር የሚገባ ጉዳይ አልነበረም። ከንጉሥ ምኒልክና ከእቴጌ ጣይቱ ጋር የመጣው መኳንንት የሰፈረው እንደ ጦር ሰፈር ነበርና፣ ከአገር ቤት ተነሥቶ ወደዚህች አዲስ ከተማ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልከራይ?» ብሎ ሳይሆን «ማን ሥር ልጠጋ?» ብሎ ነው። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራቸው ስሞች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ጌታው በጉብታው ላይ ግቢውን ያጥራል፤ አሽከሩ፣ ወታደሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ ፈረስ ጠባቂው ደግሞ በዙሪያው ጎጆውን ይቀልሳል። የቤት ኪራዩ በገንዘብ አይቆጠርም፤ በአገልግሎት ይከፈላል። ጌታው የሞተ ወይም ከሹመቱ የተሻረ ዕለት ግን ያ ሁሉ ጎጆ በማን ፈቃድ እንደቆመ የሚመልስ አይገኝም።

ለመሆኑ ያ አሽከር ጎጆውን የሠራው በምንድን ነው? እዚህ ላይ ስለ አንድ ዛፍ ሳናወራ ማለፍ አንችልም። ከተማዋ ተቆርቁራ ብዙም ሳይቆይ በአካባቢው ያለው ደን ተመንጥሮ አለቀና የማገዶና የእንጨት ችግር ጠናባት። ችግሩ እንዲህ የዋዛ አልነበረም፤ በ1892 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመፈታት ያዳናት ከአውስትራሊያ መጥቶ በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ማገዶ ብቻ አልነበረም፤ ቋሚም፣ ማገርም፣ ወጋግራም ሆነ። ድኻ ቤት ሊሠራ የቻለው በባሕር ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጭቃ ቤት አሠራርን ለማያውቀው የብሎኬት ዘመን ወጣት ባጭሩ እንንገረው። ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ በልጥ ወይም በሚስማር ይያያዛል። ከዚያው ከግቢው በተቆፈረው አፈር ላይ የጤፍ ጭድ ይነሰነስና በውኃ ይቦካል፤ በእግር እየተረገጠ ጥቂት ቀን ይሰነብታል፤ ከዚያም በእጅ ይመረጋል። ምርጊቱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ እንደገና ይለሰናል። ጎረቤትና ያገር ልጅ በእሑድ ቀን ተጠርቶ ጭቃውን ያቦካል፤ ባለቤቲቱ ጠላና ንፍሮ ታቀርባለች። ከውስጥ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ይለጠፋል፤ ከላይ አቡጀዲ ተወጥሮ ኮርኒስ ይሆናል። (ፊደል የቆጠረው በዚያ የግድግዳ ጋዜጣ ነው የሚባልለት የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት አይደለም።) በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው ወጪ ጣሪያው ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ቆርቆሮ በብዛት ገባ፤ የሣር ክዳን እየቀረ ሄደ። ቆርቆሮ ግን በጥሬ ገንዘብ እንጂ በደቦ አይገኝም። የእቁብ ዕጣ ስንቱን ጣሪያ እንደከደነ መዝግቦ የያዘ የለም እንጂ፣ ቢኖር ኖሮ የዚህችን ከተማ ታሪክ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ እርሱ በነገረን ነበር።

ጥሬ ገንዘብ ፍለጋ የመጣው ሕዝብ ከየአቅጣጫው ነው። ጉራጌው ገና በምኒልክ ዘመን ለቀን ሥራ መምጣት ጀምሮ ነበር፤ ከጋሞ ደጋ የመጡት ዶርዜዎች ሸማቸውን ይዘው በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ላይ ሰፈሩ፤ ከመንዝ፣ ከወሎ፣ ከሰላሌ የመጣው እንደዚሁ። መጤው በዘፈቀደ አልሰፈረም። ቀድሞ የመጣ ዘመድ ባለበት ነው የሚያርፈው፤ መጀመሪያ መደብ ላይ፣ ቀጥሎ ቆጥ ላይ፣ ከዚያ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል። ብዙውን ጊዜ ባልዮው ብቻውን ይመጣል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ሠርቶ ሚስቱን ያስመጣል፤ ልጆቹ እናታቸው ዘንድ አገር ቤት ይቆያሉና መጨረሻ ላይ ይከተላሉ። ስለዚህ «ቤተሰቡ አዲስ አበባ ገባ» ስንል በአንድ ቀን የሆነ ነገር አድርገን አንይ፤ ቤት እስኪገኝ ድረስ በየተራ የገባ ቤተሰብ ነው።

ቦታውስ የማን ነበር? በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በወጣው የምኒልክ የከተማ ቦታ ሕግ መሠረት በአዲስ አበባ ቦታ በግል መያዝ፣ መሸጥና ማውረስ ተፈቀደ። ሕጉ ዘመናዊ ነበር፤ ተጠቃሚው ግን ቀድሞውኑ ሰፊ ቦታ በእጁ የነበረው ሰው ነው። በኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማዋ ስትሰፋ የመሬቱ አብላጫ ክፍል በንጉሣዊው ቤተሰብ፣ በመኳንንቱ፣ በቤተ ክርስቲያንና በጥቂት ባለሀብቶች እጅ ሆኖ ተገኘ። አዲስ ገቡ ቦታ ገዝቶ ጭቃ ማቡካቱን ትቶ ተከራይ ሆነ። ባለቦታው በግቢው ጓሮ እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠሉ ክፍሎችን አሠርቶ ያከራያል። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ ለአሥር አባወራ አንድ ሽንት ቤት።

የዚያን ዘመን አከራይና ተከራይ የሚያስታውሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት የኪራዩን ውድነት ብቻ አይደለም፤ ጥያቄውን ነው። «ስንት ልጅ አለህ?» ይባላል። «ሁለት ናቸው እትዬ፤ ደግሞ ረባሾች አይደሉም» ይላል የአራት ልጆች አባት። መብራት በሦስት ሰዓት ይጠፋል፤ ውኃ በእንስራ ይቆጠራል፤ ካገር ቤት የመጣ ዘመድ ሁለት ቀን ሲያድር ሴትዮዋ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ወር የገባ ዕለት ያልከፈለ ዕቃው ደጅ ይወጣል። እንግዲህ የካቲት 1966 ሲፈነዳ ከገበሬው «መሬት ላራሹ» ቀጥሎ የከተማው ድኻ የልብ ጥያቄ ይህ ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለኝም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ማድረጊያ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ታወጀ። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት አንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ ትርፉ ተወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ብዙ የተቀነሰለትም ትንሽ ይከፍል የነበረው ነው። ትናንት ዕቃው ደጅ እንዳይወጣበት ይንቀጠቀጥ የነበረው ተከራይ በዚያች ሐምሌ የሚያስወጣው ጠፋ። ይህን የሚያቃልል ሰው በተከራይ ቤት ያደገ አይመስለኝም።

አዋጁ ግን በዚያን ዕለት በከተማዋ ውስጥ ለነበረው ሰው የተጻፈ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው የተጻፈለት አንድም መስመር የለም ለማለት ያስደፍራል። ለቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ በነጻ ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ ቦታው ሲገኝም ሲሚንቶውን፣ ቆርቆሮውን፣ ብድሩን የሚያገኘው ደመወዝተኛው እንጂ ተሸካሚው አይደለም። ለማከራየት ብሎ ቤት መሥራት ደግሞ ቀረ። ማን ለሚወረስ ነገር ጭቃ ያቦካል? ቀበሌ ከሚያስተዳድራቸው ቤቶች የሚሰበስበው የወር ኪራይ ጥቂት ብር ስለሆነ አዲስ ሊሠራበት ቀርቶ የነበረውንም ጣሪያ ሊጠግንበት አልቻለም። ከተማዋ በ1976ቱ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን፣ በ1987ቱ ደግሞ 2.1 ሚሊዮን ሕዝብ ተቆጥሮባታል። በአሥር ዓመት ውስጥ ሰባት መቶ ሺህ ሰው! የቀበሌው ቤት ግን ያው የአከራይዋ የጓሮ ክፍል ነው።

በዚያ ላይ መሸኛ የሚባል ነገር መጣ። ከነበርክበት ቀበሌ መሸኛ ካላመጣህ አዲሱ ቀበሌ አይመዘግብህም፤ ካልተመዘገብክ መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ ከሌለ ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና የለም፤ ቤትማ አይታሰብም። ያገር ቤቱ ዘመድ እንደ ድሮው መጣ፤ እንደ ድሮውም ዘመድ ቤት አረፈ፤ ነገር ግን ከዘመድ ቤት የሚወጣበት በር ተዘጋ። «ደባል» የሚለው ቃል በከተማው ቋንቋ የገነነው ያን ጊዜ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ከአንዷ ክፍሉ ግማሿን በመጋረጃ ይከፍልና በድብቅ ያከራያል። ለቀበሌው በወር አምስት ብር የሚከፍል ሰው ከደባሉ ሃያና ሠላሳ ቢቀበል ምን ይደንቃል? ደባሉ ለሚጠይቅ ሁሉ «የአክስቴ ልጅ» ነው። ወጥ ቤቱ መኝታ ቤት ሆነ፤ በረንዳው በኮምፔንሳቶ ተጋርዶ ክፍል ሆነ፤ በአጥሩና በግድግዳው መካከል የነበረችው መተላለፊያም ቆርቆሮ ለበሰች። በ1967 ከአከራይ ነጻ የወጣው ሰው ራሱ አከራይ ሆነ። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙዎቹ ያን ገንዘብ ለልጆቻቸው ጉሮሮ ነው ያዋሉት።

ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ መሸኛው ላላ፤ መንገዱም ተከፈተ። ከኤርትራ የተፈናቀለው፣ ከተበተነው ሠራዊት የመጣው፣ ከየክፍለ ሀገሩ ሥራ ፍለጋ የወጣው ሁሉ አዲስ አበባ ገባ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80 ደግሞ የከተማ ቦታን በጨረታና በዋጋ የሚገኝ ዕቃ አደረገው። ጨረታ ለመወዳደር የሚያስችል ገንዘብ ያለው አዲስ ገብ ካለ እርሱ ስደተኛ ሳይሆን ባለሀብት ነው። ሌላው ወደ ጨረቃ ቤት ሄደ።

የጨረቃ ቤት የቅኔ ስም ይምሰል እንጂ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ማታ ተጀምሮ ሲነጋ ያለቀ ቤት ማለት ነው። ባሕር ዛፉ ቀድሞ ተቆርጦ፣ ቆርቆሮው ተገዝቶ በዘመድ ቤት ይጠብቃል። ቅዳሜ ሲመሽ ሰው ይሰበሰባል፤ ሌሊቱን ቋሚ ይተከላል፣ ጣሪያ ይመታል፤ እሑድ ጠዋት ሚስትና ሕፃን ገብተው ጭስ ይጨሳል። ሰው የገባበትን ቤት ማፍረስ ባዶውን እንደማፍረስ አይቀልም፤ ስሌቱ ይኸው ነው። ቦታው የሚገኘው ከከተማው ጠርዝ ካለ ገበሬ ነው፤ በኮልፌ፣ በኮተቤ፣ በሃና ማርያም፣ በቡልቡላ። ገበሬው መሬት መሸጥ በሕግ አይችልምና በሽማግሌ ፊት «ጎጆዬን ሸጫለሁ» ብሎ ይፈርማል። ከዛሬ ነገ መሬቱ በጥቂት ካሣ ሊወሰድበት እንደሚችል ያውቃልና ለእርሱም ያ ሽያጭ የመጨረሻ ዕድሉ ነበር። ሁለቱም ወገን ስለ ሕግ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእነርሱ አለመሆኑን።

አንዳንዱ ጎጆ በግብረ ኃይል ፈረሰ፤ አንዳንዱ ሦስት ጊዜ ፈርሶ ሦስት ጊዜ ተሠራ፤ ብዙው ግን ቆየ። ውኃውም መብራቱም ከጎረቤት እየተቀጠለ መጣ። በመጨረሻ መስተዳድሩ ራሱ ከ1988 ዓ.ም. በፊት የተሠሩትን፣ በኋላም በ1997ቱ የአየር ካርታ ላይ የሚታዩትን ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሕጋዊ ወደ ማድረግ ገባ። ዛሬ በእነዚህ ሰፈሮች ያለው የግንብ አጥር ሥሩ ቢቆፈር ብዙ ቦታ የሚወጣው የዚያች የቅዳሜ ሌሊት ቋሚ ጉድጓድ ነው።

ኮንዶሚኒየም የመጣው በዚህ መካከል ነው። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ኋላ 20/80 የተባለው ፈሊጥ፣ ይኸውም ሃያውን እጅ ቆጥቦ ሰማንያውን ከባንክ መበደር፣ በወረቀት ላይ ለዝቅተኛ ገቢ ሰው የታሰበ ነው። ለመመዝገብ ግን የከተማው ነዋሪ መሆን፣ ለመቆጠብ መደበኛ ገቢ መኖር፣ ዕጣ ለመጠበቅም ዓመታት ያስፈልጋሉ። አዲስ ገቡ ሦስቱም የሉትም። ዕጣ የወጣለትም ቢሆን የባንኩን ዕዳ መክፈል ሲያቅተው ቤቱን አከራይቶ ራሱ ከተማ ዳር ሄዶ በርካሽ ይከራያል። ስለዚህ በኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የሚኖረው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ባለሁለት መኝታውን ለሦስት ቤተሰብ ተካፍለውት፣ ሳሎኑን እንደ ቀበሌው ቤት በመጋረጃ ከፍለውት። በ1999ኙ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ግማሽ ገደማ የሚሆነው ሌላ ቦታ ተወልዶ የመጣ መሆኑን ስናስብ፣ «መጤ» የሚለው ቃል ማንን ለመስደብ እንደሚያገለግል ግራ ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ መንግሥት በሚያወጣው ልክ እንዲሆን ይደነግጋል። ከዚያ በፊት የሦስት ወርና የስድስት ወር ቅድሚያ፣ በላዩም የደላላ መክፈል የተለመደ ነበርና ለአዲስ ገብ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዋጁ እንዲሠራ ግን ውሉ በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት። በዚያው ዓመት በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ያረጁት የቀበሌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ምትክ ቤት ለማግኘት የሚያስፈልገው እንደዚሁ ወረቀት ነበር፤ በስም የተጻፈ የቀበሌ ውል። ከመጋረጃው ወዲያ ማዶ ይኖር የነበረው «የአክስት ልጅ» ውሉ የቃል ነው።