ደረጃና ፍርድ በእግር ኳስ ሜዳ



በሰሜን ሸዋ የጅሩን ሰንጋ ለመግዛት እነዋሪ ገበያ የወጣ ሰው፥ በሬው ስንተኛ ሆኖ ወደ ገበያው እንደ ገባ አይጠይቅም። ሻኛውን ጨብጦ፥ ጥርሱን ገልጦ፥ አረማመዱን ተመልክቶ ዋጋውን ይቈርጣል እንጂ። ወደ ሰው ሥራ በመጣን ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አንደኛ፥ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ የሚለውን ቍጥር ሰምተን፥ ቍጥሩ እንዴት እንደ ተገኘ ሳንመረምር እናደንቃለን ወይም እንነቅፋለን። የዛሬው ንግግራችን ይህንኑ ጕዳይ በአገራችን የእግር ኳስ ታሪክ ለመመልከት የታሰበ ነው።

የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲጀመር ለመወዳደር የታሰቡት አራት አገሮች ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቍር ተጫዋቾችን በአንድነት ያቀፈ ቡድን ለማሰለፍ እንቢ በማለቷ ከውድድሩ ተወገደች። ከርሷ ጋር ልትጋጠም ተመድባ የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ወደ ፍጻሜው አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሱዳን በዚያችው በግብፅ የተሸነፈችው 2 ለ 1 ብቻ ነበር። መዝገቡ ግን ኢትዮጵያን ሁለተኛ፥ ሱዳንን ሦስተኛ አድርጎ ጻፈ። ደቡብ አፍሪካን ማስወገዱ እውነተኛ ፍርድ ነበር፤ ከዚያ ፍርድ የተገኘው ደረጃ ግን አንድም ግብ ላላገባው ቡድናችን የጕልበቱ መለኪያ ሊሆን አይችልም። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ሦስቱ አገሮች እርስ በርሳቸው በተጋጠሙ ጊዜም እውነቱ ተገለጠ፤ በግብፅ 4 ለ 0፥ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፈን የመጨረሻውን ስፍራ ያዝን።

ሦስተኛው ውድድር በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። ኢትዮጵያ አስተናጋጅ በመሆኗ ያለ ማጣሪያ ገብታ ሁለት ጨዋታ ብቻ አድርጋ ዋንጫውን ወሰደች። ስለዚህ ድሉ ቀላል ነበር የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ቱኒዝያን 4 ለ 2 ረታች፤ በፍጻሜውም ግብፅ፥ በዚያን ጊዜ ስሟ የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ፥ ሁለት ጊዜ ብትመራም ሁለት ጊዜ አቻ ሆና፥ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ይህ ደረጃ በዕድል ሳይሆን በሜዳ ላይ በላብ የተገኘ ነው።

የ1960 ዓ.ም. ታሪክ ከዚህ ይለያል። በአዲስ አበባና በአሥመራ በተደረገው በዚያ ውድድር ቡድናችን ዩጋንዳን 2 ለ 1፥ አይቮሪ ኮስትን 1 ለ 0፥ አልጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፎ የምድቡ መሪ ሆነ። በግማሽ ፍጻሜው ግን በኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተረታ። ለሦስተኛነትም ቀደም ብሎ ካሸነፋት ከአይቮሪ ኮስት ጋር ተገናኝቶ 1 ለ 0 ተሸነፈ። እንግዲህ በ1949 ዓ.ም. አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ሁለተኛ የሆነው ቡድን፥ በ1960 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ አሸንፎ አራተኛ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ግፍ ነውን? አይደለም። ከምድቡ በኋላ አንድ ሽንፈት ከዋንጫው እንደሚያስቀር ሁሉም አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ሕጉ ለሁሉ እኩል ነበረ፤ ቍጥሩ ግን ሁሉን አልተናገረም።

ሕግ አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል፥ አንዳንድ ጊዜም ይጐዳል። በጳጕሜን 2004 ዓ.ም. በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፈን፥ በጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 2 ለ 0 ስናሸንፍ፥ ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። በሰው አገር የገባ ግብ ይበልጣል የሚለው ደንብ ስለ ረዳን፥ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ይህን ደንብ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በ2013 ዓ.ም. ፍትሐዊ አይደለም በሚል ክርክር ከውድድሮቹ ሰርዞታል። በዚያው በ2005 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈን ሳለ፥ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች አሰልፈን ስለ ተገኘን ውጤቱ ተገልብጦ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፍን ተቈጠረ። ሦስቱ ነጥብ የጠፋው በሜዳ ሳይሆን በመዝገብ ጕድለት ነበር። እንዲያም ሆኖ 11 ነጥብ ያገኘችውን ደቡብ አፍሪካን በ13 ነጥብ በልጠን ምድቡን መራን። በመጀመሪያው ደንብ ተደስተን በሁለተኛው ብናጕረመርም ፍርድ አዋቂ አንባልም።

አድማጮቻችን ሆይ፥ በየመሥሪያ ቤቱም ደረጃ አለ፤ በደረጃም የሚደሰትና የሚያዝን አለ። ባለወንበሩ ስለ ታገደ ብቻ ከፍ ያለ ይኖራል፤ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አራተኛ የቀረም ይኖራል። ደረጃ የሚሰጥ ሰው ሕጉን ከጨዋታው በፊት ያስታውቅ፥ ለወዳጁም ለባዕዱም አንድ ያድርገው። ደረጃን የሚያነብ ሰው ደግሞ እንደ እነዋሪው ገዢ ሻኛውን ጨብጦ ይመርምር። ቍጥሩን ብቻ አይቶ የፈረደ ብዙ ጊዜ ሰነፉን ያከብራል፥ ትጉሁንም ያሳዝናል።