ከጋፋት ደጋ እስከ ስልኩ መስኮት



ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ የምትገኘው ጋፋት ስሟ በታሪክ የሚነሣው በመድፍ ምክንያት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አስፍረው ብረት ያስቀልጡ፣ የጦር መሣሪያም ያሠሩ እንደ ነበር ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ስለ ሆነ፣ ዛሬ እርሱን ደግሜ ላደክማችሁ አላሰብሁም። ላወሳላችሁ የፈለግሁት በወረርሽኝ ዘመን በዚያው ስፍራ ስላለፈ አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። የእርሱም ነገር ከ154 ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የሕፃናት ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ከገጠማቸው ጭንቅ ጋር ይገናኛል።

በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የታሰሩ ሰዎችን ለማስፈታት የላከው ሆርሙዝ ራሳም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመጣ፣ አብረውት ከመጡት ሁለት ጓደኞቹ አንዱ ዶክተር ሄንሪ ብላንክ ነበረ። ይህ ሰው በህንድ አገር በነበረው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆኖ ያገለገለ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፣ በጣና ዳር በቆራጣ በሰፈረው ሕዝብ ላይ ኮሌራ፣ ማለትም አባቶቻችን ፈንግል የሚሉት ደዌ፣ ወረደበት። ምን ይሻላል ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ብላንክ ቢላዋውን አላወጣም። የሰጠው ቃል ብቻ ነው፤ ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱ የሐይቁን ዳር ለቅቀው ጤነኛውን ይዘው ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጡ፣ ሕመምተኞቹም ተለይተው እንዲቀመጡ ነው። ምክሩም ተቀባይነት አግኝቶ ሠራዊቱ ወደ ደብረ ታቦር ወጣ፤ እንግዶቹም ጋፋት ገቡ። ከዚያ በኋላ ወረርሽኙ እየበረደ መሄዱን ሐኪሙ ራሱ ኋላ ባሳተመው የምርኮ ታሪኩ ጽፏል።

በዚያ ዘመን የኮሌራ ምክንያት ምን እንደ ሆነ የዓለም ሊቃውንት ገና አልተስማሙም ነበር። ብዙዎቹ ከክፉ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በሎንዶን ከተማ ደዌው በመጠጥ ውሃ እንደሚተላለፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ቢያሳይም ያመነው ጥቂት ነው። ተውሳኩንም ሮበርት ኮክ ለይቶ ለዓለም ያስታወቀው እነብላንክ ጋፋት ከገቡ 18 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ የብላንክ ምክር ክፉውን አየር ለመሸሽ የታሰበም ቢሆን፣ ሰዎቹን ከተበከለው ውሃ ስላራቃቸው ጠቀማቸው ማለት ይቻላል።

ወረርሽኝ ሲነሣ እንግዲህ የመጀመሪያው ምክር መራራቅ ነው። ቀዶ ጥገና ግን ከሰው ሥራ ሁሉ ይልቅ መቀራረብን የሚፈልግ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ጊዜ አዲስ አበባ ቴሌፎን የነበራት ከተማ ብትሆንም፣ ቴሌፎኑ በጥቂት ሰዎች ቤት ብቻ ስለ ነበረ ሐኪምን ከሕዝቡ ጋር ሊያገናኝ አልቻለም። ሐኪም በሩቅ ሆኖ በሽተኛን የሚረዳበት ሥራ ሥርዓት ይዞ ከተጀመረባቸው አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት። በዚያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ተቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመትም አልፍሬድ ትሬገር የተባለው መሐንዲስ በእግር እየተረገጠ ኃይል የሚያገኝ ራዲዮ ሠራ። ኋላም በየበረሃው ላለው ቤተ ሰብ መድኃኒቶቹ በቁጥር የተለዩበት ሣጥን ታደለ፤ ሐኪሙም በራዲዮ ቁጥሩን እየጠራ የትኛው እንደሚሰጥ ያዝ ነበር። እኔ የራዲዮ ሰው በመሆኔ ይህን ባነበብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በመላው ዓለም ሆስፒታሎች አልጋውን፣ ኦክሲጅኑንና ባለሙያውን ለወረርሽኙ ለማዋል ሲሉ የማያጣድፈውን ኦፕራሲዮን ሁሉ ወደ ሌላ ጊዜ አሻገሩት። አንድ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበር በወረርሽኙ ብርቱ ዐሥራ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ብቻ ወደ 28 ሚሊዮን የሚጠጋ ቀዶ ጥገና እንደሚቀር ወይም እንደሚዘገይ ገምቶ ነበር።

ሕፃናት በቫይረሱ እንደ ሽማግሌዎች አልተጎዱም። ነገር ግን «የማያጣድፍ» የሚለው ቃል በሕፃን ላይ ሲነገር ሌላ ትርጉም አለው። የዓመት ልጅ ስድስት ወር ቆይ ቢባል የዕድሜውን እኩሌታ ቆየ ማለት ነው። ቆለጡ ወደ ስፍራው ያልወረደለት ወንድ ልጅ በጊዜው ካልታከመ ኋላ በመውለድ ችሎታው ላይ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል፤ በሕፃን ብሽሽት የወጣ አንጀትም ተቆልፎ በሰዓታት ውስጥ አጣዳፊ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በብዙ አገር የሕፃናት ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ማን ሊቆይ እንደሚችል፣ ማን ዛሬውኑ መምጣት እንዳለበት ለመለየት ስልክንና የቪዲዮ ጥሪን ያዙ። ቁስል በፎቶግራፍ ታየ። ሆዱን ያመመው ልጅ በወላጁ ፊት እንዲዘል ተነገረው፤ ትርፍ አንጀቱ የታመመ ልጅ ሲዘል ፊቱ ይኮማተራልና። ልጁም ነጭ ካባ ስለማያይ አላለቀሰም። ሆድን መዳሰስ፣ ቆለጥን በጣት መፈለግ ግን በመስታወት ውስጥ አይቻልም፤ ይህን ሐኪሞቹ ራሳቸው አልሸሸጉም።

ለአገራችን ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በህንድ አገር በሃይደራባድ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር በሩቅ ሕክምና መሥመር ተገናኝቶ ነበር። ይህ ግን ሐኪምን ከሐኪም የሚያገናኝ መሥመር ነው። በ2012 ዓ.ም. የተፈለገው ሐኪምን ከእናት የሚያገናኝ ነበር።

የቤተ ሰቤን ነገር ልንገራችሁ። እኅቴ የምትኖረው በፋርታ ገጠር ነው። ልጇ ፊንጢጣው ዝግ ሆኖ ስለ ተወለደ፣ አንጀቱ በሆዱ በኩል እንዲወጣ በተወለደ በሦስተኛው ቀን በባሕር ዳር ተደርጎለታል። የቀረው ሥራ በሚቀጥለው ዓመት ሊፈጸም ተቀጥሮ ሳለ ወረርሽኙ ደረሰ። ከረጢቱ ከውጭ የሚመጣና ውድ ስለ ሆነ የምትይዘው በታጠበ ጨርቅ ነበር። በግንቦት በአንጀቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ ተላጠ። ጎረቤቷ የሆነው መምህር ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ለሐኪሙ ላከ። ሐኪሙ፣ «ጨለማ ነው፤ ልጁን ደጅ አውጡት» ሲል መለሰ። በጠዋት ፀሐይ እንደ ገና ተነሣ፤ በቪዲዮም ፊት ለፊት ተያዩ። ምን እንደምትቀባ፣ ጨርቁን እንዴት እንደምትቆርጥ አሳያት፤ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም በየሳምንቱ የልጁን ሙቀት እየለካች ትነግረው ጀመር።

በሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ከሦስት ሳምንት በላይም ቆየ። በዚያው ሰሞን ልጁ ማልቀስ አበዛ። ፎቶግራፍ መላክ አልተቻለም፤ በተራ ስልክ ግን ድምፅ ይሰማ ነበር። ሐኪሙ፣ «የከንፈርሽን ውስጥ ለመምህሩ አሳዪው፤ የልጁ አንጀት ቀለም ያንን ይመስላል ወይስ ይጠቁራል?» ብሎ ጠየቃት። ያንን ይመስላል አለችው። ጠቁሮ ቢሆን ኖሮ፣ ዐዋጅም ቢኖር በሌሊት መኪና ፈልጋ መምጣት ነበረባት። ጋዝ ይወጣዋል ወይ፣ ጡት ይጠባል ወይ፣ ሆዱ ተነፍቷል ወይ እያለ ጠየቀ፤ እርሷም እየዳሰሰች መለሰች። ያን ቀን እጁ የእርሷ እጅ ነበረ። የአውስትራሊያው ባለ ራዲዮ ሐኪም ከዚህ የተለየ ምን አደረገ?

በሚቀጥለው ዓመት ተራው ደርሶ ባሕር ዳር ወረዱ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀዶ ጥገናም በየጊዜው ተፈጸመ። ልጁ ዛሬ ተማሪ ነው። እኅቴ የዚያን ቀን ነገር ስትነግረኝ እስከ አሁን ትስቃለች፤ ሐኪሙን ፋርታ ሆና በስልክ ስታየው ፊቱን ታውቀው ነበር፤ ባሕር ዳር ሄዳ በአካል ስታገኘው ግን ከዓይኑ በታች በጭንብል ተሸፍኖ ስለ ነበረ፣ ድምፁን እስክትሰማ ድረስ ማን እንደ ሆነ አላወቀችውም።