ከሎርድስ ሜዳ እስከ ኢተን፦ የክሪኬት ተጫዋቹ ርእሰ መምህር

በ1867 እ.ኤ.አ. ኦገስት ወር፣ በእንግሊዝ ሀግሊ በሚገኘው ርስታቸው፣ የሊትልተን ቤተሰብ አባላት የክሪኬት ቡድን ያቋቋሙት ከሌላ ሰው ሳይሆን ከዘመድ ብቻ ነበር። አባትየው ሎርድ ሊትልተን፣ ስምንት ወንዶች ልጆቻቸውና ሁለት አጎቶች ተደምረው አሥራ አንድ ሞሉ። የብሮምስግሮቭን ትምህርት ቤት ገጥመውም ረቱ። ከወንድማማቾቹ ሰባተኛው ኤድዋርድ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

ቤቱ የትልልቅ ሰዎች ቤት ነው። አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዊልያም ግላድስተን የአክስቱ ባል ነበር። ኤድዋርድም እንደ ቤተሰቡ ወግ ኢተን ትምህርት ቤት ተምሮ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ዓመቱ 1878 የእሱ ዓመት ሆነ። በማርች ለእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ተሰልፎ ግላስጎው ላይ በስኮትላንድ 7 ለ 2 ተሸነፈ፤ ሁለተኛ ጊዜ አልተጠራም። በክሪኬት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ወቅት የመጡት አውስትራሊያውያን ዝነኛውን የኤም ሲ ሲ ክለብ በአንድ ቀን ውስጥ በ33 እና በ19 ነጥብ አስወጥተው አገሩን ጉድ አሰኝተዋል። ሊትልተን በአምበልነት የመራው ካምብሪጅ እነዚሁን አውስትራሊያውያን በአንድ ዙርና በ72 ነጥብ ልዩነት ድል አደረጋቸው። እሱ ራሱ ለሚድልሴክስ ቡድን ሲጫወት ሎርድስ ሜዳ ላይ 113 ነጥብ አስቆጠረባቸው።

ይህ ሁሉ ግን እንጀራ አልሆነውም። በቪክቶሪያ ዘመን ክሪኬት ተጫዋቾች በሁለት ይከፈሉ ነበር፦ ያለ ደመወዝ የሚጫወቱት አማተር «ጌቶች» እና ተከፋይ ባለሙያዎች። ልዩነቱ በውጤት ወረቀት ላይ ሳይቀር ይታያል፤ የአማተሩ ስም ከነማዕረጉ ወይም ከነመነሻ ፊደሎቹ ሲታተም፣ የባለሙያው የአባት ስሙ ብቻ ይጻፋል። የመልበሻ ክፍላቸውም ለየብቻ ነው።

ስለዚህ ያለ ደመወዝ የሚጫወት እንደ ሊትልተን ያለ «ጌታ» ሌላ ሥራ ያስፈልገዋል። እሱም ማስተማርን መረጠ፤ ቅስናም ተቀበለ። እንዲህ ያለ ሰው ለዘመኑ ትምህርት ቤቶች ሁነኛ ሰው ነበር፤ ጨዋታ የወጣቱን ጠባይ ያንጻል ተብሎ ይታመን ነበርና። በ1890 የሄይልበሪ ትምህርት ቤት፣ በ1905 ደግሞ የኢተን ርእሰ መምህር ሆነ።

ፈተናው የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በማርች 1915፣ የኢተን ልጆች በየግንባሩ በሚረግፉበት ሰዓት፣ ዌስትሚንስተር ውስጥ ሰበከ። ጀርመንን ማዋረድ ሰላም አያመጣም ባይ ነበር። የጀርመን የኪየል ቦይ በዓለም አቀፍ አስተዳደር ሥር ይግባ ከተባለ ብሪታንያም ጂብራልታርን በተመሳሳይ መንገድ ማየት አለባት የሚል ሐሳብ አነሣ። ጋዜጦች ተነሡበት፤ ከሃዲ ያሉትም ነበሩ። ለተጋጣሚ ፍትሐዊ መሆንን ሜዳ ላይ ያደነቀለት ሕዝብ፣ ያንኑ ለጠላት ሲጠይቅለት አልታገሠውም። በ1916 ከኢተን ለቀቀ።

ከ1920 እስከ 1929 ለሴት መምህራን ማሠልጠኛው ለዋይትላንድስ ኮሌጅ በዲንነት አገለገለ። በጃንዋሪ 1942፣ በ86 ዓመቱ ሊንከን ከተማ ውስጥ አረፈ። አማተርና ባለሙያ የሚለው ክፍፍል ከእንግሊዝ ክሪኬት የተሰረዘው እሱ ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1962 ነው።