የመንዝ ጓሳና የደጋ ገበሬ ዋስትና

የታሪክ መጻሕፍት ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ነው። ይሁን እንጂ ገበሬው ክፉውን ዘመን በምን ዘዴ እንዳለፈው መመርመርም ታላቅ ታሪክ ነው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የመንዝን ጓሳ ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብ ወደናል።

መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ብርዳም ደጋ ነው። ገበሬው ገብስ ይዘራል፤ በግ ያረባል፤ ከበጉም ፀጉር ባና ይሠራል። አዝመራው ግን ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። የበልግ ዝናብ የቀረ እንደ ሆነ ወይም ቡቃያውን ውርጭ የመታው እንደ ሆነ የዓመት ድካም ከንቱ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሰውም ለከብትም መጠጊያ የሚሆነው ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የጓሳ ሜዳ ነበር። የጓሳ ሣር ለከብት መኖ፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና በዝናብ ጊዜ ለሚደረበው ገሳ ይሆናል፤ ተሸጦም እህል ይገዛበታል።

አባቶች ይህን ሜዳ ያለ ሕግ አልተዉትም። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ቆየ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ሜዳውን አስቦና ገራ በሚባሉ ሁለት አባቶች ስም ለሁለት ከፍሎ ያስጠብቅ ነበር። የጥበቃው አለቃ አባ ቄራ ይባላል፤ የሚመርጡትም ባለመብቶቹ ራሳቸው ነበሩ። ሣሩ እንዲያገግም ሜዳው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተዘግቶ ይቆያል፤ ድርቅ ሲጠና ግን ይከፈታል። ቀኑ ሳይደርስ ያጨደ ወይም ከብቱን ያሰማራ ይቀጣል። እንግዲህ ጓሳ ለመንዝ ሰው በበጎ ዘመን የሚቆለፍ፣ በክፉ ዘመን የሚከፈት ጎተራ ነበር ለማለት እንችላለን።

ነገር ግን ሥርዓቱ ለሁሉ እኩል አልነበረም። ከሁለቱ አባቶች መወለዱን ለማስረዳት ያልቻለ ሰው ከጓሳ ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን መብት ሲሽር የቄሮም ሥልጣን አብሮ ቀረ። ድርሻ ያልነበረው ገበሬ መብት አገኘ፤ ሜዳው ግን ጠባቂ አጣ፤ ሣሩም ያለ ጊዜው ይታጨድ ጀመር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ነዋሪዎቹ ከየቀበሌያቸው ተወካዮች መርጠው ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋሙ። ዛሬ ጓሳ በሕዝቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል።

በዛሬው ዘመን ብዙው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ የአባት እርሻም ለልጆች ሲከፋፈል እየጠበበ ሄዷል። ስለዚህ እርሻው የጠበበበት ገበሬ የጋራውን ሜዳም ለማረስ ቢፈተን አያስደንቅም። ከታሪኩ የተረዳነው ግን ሁለት ነገር ነው። የቀድሞው ሥርዓት መጠበቅን ያውቅ ነበር፤ ማካፈልን ግን አጓደለ። አዋጁ ማካፈልን አመጣ፤ ጠባቂውን ግን አልተካም። የደጋው ገበሬ ኑሮ አስተማማኝ የሚሆነው ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው። መሬቱን ነገ የምንረከበው እኛ ወጣቶች ነንና ይህን ከወዲሁ ልናስብበት ይገባናል።