ከጉድጓዱ የወጣ ቤት

በ2017 ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ታላቅ እህቴ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣች። ከሄደች 26 ዓመቷ ነበር። እናታችን በ2001 ስታርፍ ወረቀቷ አላለቀላትም ነበርና ለቀብር አልደረሰችም። በዓመቱ ቤቱን ስንሸጥም ውክልና ላከች እንጂ በዓይኗ አላየችም። ቦሌ ተቀብያት ሻንጣዋን መኪና ላይ እንደጫንን፣ «ሩፋኤል ውሰደኝ» አለችኝ። ልትሳለም መስሎኝ ነበር። ለካ ቤታችንን ነው።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው እኮ ነው ያለበት። ደግሞ አድሰውታል፤ አታውቂውም።»

«ደጁን አይቼ እመለሳለሁ።»

እኔ እንኳ ጉለሌ ብዙ ጉዳይ እያለኝ በዚያ ሰፈር ማለፍ ትቼ ነበር። ተቀይሜ ነው። አንድ ቀን በታክሲ ሳልፍ ግድግዳችን በዶሮ ሽቦ ተጠፍሮ፣ ግንበኞች በላዩ ሲሚንቶ ሲለስኑበት አየሁ። የእናቴን ፊት የሸፈኑባት ያህል ሆዴ ባባ። ከዚያ ወዲህ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ።

አባታችን ቤቱን የሠራው በ1955 ነው። እንደ አብዛኛው የአዲስ አበባ አሮጌ ቤት የእንጨትና የጭቃ ነው፤ ቋሚና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ጭቃ ደግሞ ከሩቅ አይጫንም። ከዚያው ከግቢው ይቆፈራል። ግድግዳው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጉድጓዱ ወደ ታች ይወርዳል። ቤቱ አልቆ ሰው ሲገባበት ጓሮው ውስጥ አንድ ሰው የሚያሰጥም ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ቀረ። በክረምት ውኃ ይሞላል፣ እንቁራሪት ይጮኽበታል። እናታችን ልጆቿን «ከጌሾው ወዲያ እንዳታልፉ!» እያለች ታስፈራራ ነበር። እኔ ይህን የማውቀው በወሬ ነው። እትዬ ግን ደርሳበታለች።

የጭቃ ቤት አንዴ ተሠርቶ አይተውም። ክረምቱ ግድግዳውን ከሥሩ ይልጠዋል፣ ማገሩ ያገጣል። እናታችን ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል፣ የሚዘንበውን ዝናብ በባልዲ ታጠራቅማለች። እኛ ልጆቹ ራቁታችንን ወጥተን እንጠመቅበታለን። ሌላው ሰው ከዚያ ውኃ ሊጡ ላይ ጠብ ያደርጋል፤ እሷ ለሊጡ ካደረገች በኋላ የተረፈውን ጭቃው ላይ ትደፋዋለች። አፈሩ ላይ የጤፍ ጭድ ትነሰንስና ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ፣ በባዶ እግሯ ትገባበታለች። ተረከዟ ሲሰምጥ «ጵ» የሚል ድምፅ አለው፤ ሲወጣ ደግሞ ጭዱ በጣቶቿ መሃል ተሰክቶ ይወጣል። በየሁለት ቀኑ እየረገጠች ታሰነብተዋለች። ሲብላላ ይሸታል፤ ጎረቤት አፍንጫውን ይይዛል፣ እሷ ግን ጭቃ ካልሸተተ አልበሰለም ባይ ነበረች። ለመስቀል ዋዜማ ትመርገዋለች። በመዳፏ ነው የምታለሰልሰው፤ ብርሃን በጎን ሲመታው የእጇ ፈለግ ግድግዳው ላይ እንደ ማዕበል ይታይ ነበር።

በሲሚንቶ ሲሸፍኑት ያዘንኩት ለዚያ ፈለግ ነው።

የአባታችን ሐሳብ ልጆቹ ሲያድጉ ከመንገዱ በኩል የሠራት ትንሽ ቤት ውስጥ እንዲያድሩ ነበር። እስከዚያው ለአንድ አስተማሪ በወር 35 ብር አከራያት። ሐምሌ 19 ቀን 1967፣ በገብርኤል ዕለት፣ አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚቀረው አንድ መኖሪያ ቤት ነው። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ ዞረ፤ ያቺም ትንሽ ቤት እንደዚያው። እኛ ሰባት ልጆች በአንድ መኝታ ቤት ቀረን። አባታችን አዋጁን አንድ ቀን ሲያማ አልሰማሁትም፣ ግን በ1970 የጓሮውን ግድግዳ በሳና ቅጥያ ሠራ። ለቅጥያው የተረፈው ቦታ ደግሞ የጉድጓዱ ቦታ ብቻ ነበር።

እንግዲህ እትዬ ወደ መጣችበት ቀን እንመለስ። የግቢው በር ላሜራ ሆኗል። እትዬ ደጁ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታያለች። እኔ እንሂድ ልላት ስል በሩ ተከፈተና አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ወጣች። ማን እንደሆንን ነገርኳት።

«ታዲያ ደጅ ቆማችሁ! ግቡ እንጂ፣ በሞቴ! ቡናውም ደርሷል።»

ገባን። ኮርኒሱ ጂፕሰም ሆኗል፣ መስኮቱ አልሙኒየም። እናታችን በእበት የምትለቀልቀው ወለል ነጭ ሴራሚክ ለብሷል፣ በላዩ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። እትዬ ዝም ብላ ቁጭ አለች፤ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ አላነሳችውም። ሴትዮዋ አቦሉን ቀድታ ስትሰጣት እጇን አየቻት።

«እዚያ ጋ ተሰንጥቋል አይደል? በየዓመቱ ነው። ጭቃውና ሲሚንቶው አልስማማ ብለው ክረምት በወጣ ቁጥር ይላቀቃል። መስከረም ሲጠባ እኔና ባለቤቴ ለመስቀል እናደርሰዋለን ብለን ስንለጥፍ ነው የምንከርመው።»

«ለመስቀል?» አለች እትዬ።

«አዎ፣ እንግዳ ስለሚመጣ።»

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔም ቂሜ የለቀቀኝ እዚያ ላይ ነው። ያ ቤት ሳይታደስ የዋለበት ዓመት የለም። ሴትዮዋ የወሰደችብን ነገር አልነበረም፤ ይህን ሁሉ ዓመት እናታችን የተወችላትን ሥራ ስትሠራ ነው የኖረችው። እኔ ግን ለአንዲት ቀን እንኳ በሯን አንኳኩቼ እንደምን ዋልሽ አላልኳትም።

ቶናው ሲቀዳ ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የእናንተ ስለሆነ ልጠይቃችሁ፤ ያ የጓሮ ክፍል ምን ጉድ አለበት? ሴራሚኩን ሁለት ጊዜ አስነጠፍኩት፣ ሁለቴም ሰጠመ። ያየው ሁሉ መሬቱ ነው ይለኛል። ይኸው አሁን ደግሞ የልጆቹ አልጋ ዘምሟል።»

እትዬ ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ልጄ፣ እሱ እኮ ጉድጓድ ነው። ይህ ግድግዳ በሙሉ የወጣው ከዚያ ነው። አባዬ ቅጥያውን ሊሠራ ሲል በአመድና በገል ሞልቶት፣ አፈር መልሶ ረገጠበት። የተሰበረውን ምጣዳችንን እኔው ነኝ የወረወርኩት። ከላይ ብታነጥፊ ዋጋ የለውም፤ አመዱን አውጥተሽ በድንጋይ ካልሞላሽው ሁልጊዜም ይሰጥማል።»

«ከየት እስከ የት ነው?»

እትዬ ተነሳች። ወደ ጓሮው ክፍል ገብታ ጫማዋን አወለቀች። የልጆቹን አልጋ ገፋ አደረግንላት። ጌሾው የነበረበትን በመስኮቱ በኩል ለካችና በባዶ እግሯ፣ ተረከዟን ከጣቷ እያገናኘች፣ ሴራሚኩ ላይ ቀስ ብላ ዞረች። ሴትዮዋ ከልጇ ደብተር ጋር የነበረ ጠመኔ አንስታ፣ በርከክ ብላ፣ ከኋላ ከኋላዋ እያሰመረች ተከተለቻት።